ግራፌ ደረጃ እየሠራ ነው፣ ሰዓቱ ላይ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነው። የግልገል ጊቤን ውሃ ድፍርስነት በየ10 ሰከንዱ የሚመዘግብ መሣሪያ አለን፣ የሦስት ወር ዳታ በእጄ አለ። ሰዓቱ የተያዘው በዩኒክስ ሰከንድ ነው፣ ማለትም ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተቆጠረ ሰከንድ። ፋይሉን ከፍቼ ሳየው ቁጥሩ ልክ ነው። በግራፊክስ ካርድ በሚስል ሶፍትዌር ላይ ስጭነው ግን መስመሩ ደረጃ በደረጃ ይሆናል። ከ1717200000 እስከ 1717200060 ያሉት ሰባት ነጥቦች እላይ በላይ ይደራረባሉ፣ ቀጣዩ ዘሎ 1717200128 ላይ ያርፋል።

ምክንያቱ ገብቶኛል። ሶፍትዌሩ ቁጥሩን ወደ ካርዱ ሲልክ 32 ቢት (32 የ0 ወይም 1 ቦታ ያለው የአስርዮሽ ቁጥር) ያደርገዋል፣ ከዚያ ውስጥ አኃዙን የሚይዘው 24 ቢት ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ትልቅ ቁጥር ላይ ሲደርስ ከ128 ያነሰ ልዩነት አይታየውም። ፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋው) ላይ 64 ቢት አድርጌ ብሰጠውም ያው ነው።

የመጀመሪያውን ሰዓት ከሁሉም ላይ ስቀንስ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሦስት ወር 8 ሚሊዮን ሰከንድ ገደማ ነው፣ 32 ቢት ደግሞ እስከ 16777216 ድረስ እያንዳንዱን ሙሉ ቁጥር ሳያዛባ ይይዛል። ችግሩ አሁን ከግራፉ ግርጌ ያለው የሰዓት መስመር ከዜሮ የሚጀምር ሰከንድ ብቻ ያሳያል። እኔ የምፈልገው ዝናቡ በጣለ በስንት ደቂቃ ውሃው እንደደፈረሰ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሆነ ማየት ነው፣ ያለዚያ ግራፉ ለማንም አይጠቅምም። የቀነስኩትን መልሼ ስደምር ደረጃው ይመለሳል።

ነጥቦቹ እንደተቀነሱ ሆነው፣ ከታች ያለው ጽሑፍ ብቻ ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት እንዲያሳይ፣ በተለይ አጉልቼ ስመለከት አብሮ እንዲቀያየር የሚደረገው እንዴት ነው?