አማካሪ ፕሮፌሰሩ ዝም ብለውኛል

የመጀመሪያ ዲግሪዬ በውኃ ምህንድስና ነው፤ ከተመረቅሁ ወዲህ የጉድጓድ ቁፋሮ ላይ እሠራለሁ። በከርሰ ምድር ውኃ ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አፍሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ እየፈለግሁ ነው። ዓይኔን አስቀድሜ የጣልሁት አልጄሪያ፣ ትሌምሰን ባለው የፓን አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ የውኃና ኢነርጂ ተቋም ላይ ነበር። ነፃ የትምህርት ዕድል አለው፤ ያየሁት ጥሪ ግን የዕድሜ ጣሪያውን ለወንድ 30፣ ለሴት 35 ያደርገዋል። እኔ 33 ነኝ። ሴት ብሆን ኖሮ ገና ጊዜ ነበረኝ!

ስለዚህ ወደ ደቡብ አፍሪካ ዞርሁ። እዚያ በምርምር ብቻ ለሚሠራ ማስተርስ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ አማካሪ ማግኘት ያስፈልጋል። አንድ ፕሮፌሰር ርዕሴን ወደዱትና አጭር የጥናት ንድፍ ጠየቁኝ። በስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ስለሚገኘው ፍሎራይድ ጽፌ ላክሁላቸው። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ፤ ማስታወሻ ብልክም መልስ የለም። የማመልከቻው ቅጽ ደግሞ የአማካሪ ስም ካልተሞላበት አያሳልፍም፣ የመዝጊያው ቀንም እየቀረበ ነው።

በዚያው ትምህርት ክፍል በዚሁ መስክ የሚሠሩ ሌላ መምህር አሉ። አሁኑኑ ለእርሳቸው ብጽፍ የተለመደ አሠራር ነው ወይስ የመጀመሪያው ፕሮፌሰር እንደ ነውር ይቆጥሩብኛል?