ዶርሙ ሙሉ ጉንፋን ይዞናል፤ ምን ይሻላል?

ድሬዳዋ ነው የምማረው። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነን፤ አራታችን ተኝተናል። ትኩሳት፣ ሳል፣ ቁርጥማት። ጤነኞቹ መስኮት ይከፍታሉ፣ እኛ እንዘጋለን። በዚህ የድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ ለብሼ እየተንቀጠቀጥኩ ነው! አሞክሳሲሊን ልግዛ?

መልስ 1፦ አትግዛ። ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን አይነካውም። መስኮቱ ይከፈት፣ ኩባያ አትዋዋሱ። ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከለቀቀህ 24 ሰዓት ሳይሞላ ክላስ እንዳትገባ።

መልስ 2፦ ወንድሜ፣ የድሬ ትኩሳት ሁሉ ጉንፋን አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በቢንቢ የሚተላለፈው ቺኩንጉንያ ይዞኝ «ጉንፋን ነው» ብዬ ተኝቻለሁ፤ ጉልበቴ ለወራት አልተወኝም። ሳል የሌለውና ዓይኑን ከኋላ የሚያመው ካለ ይመርመር፣ ደንጊ ሊሆን ይችላል፤ እሱም ከቢንቢ ነው። እስኪታወቅ ፓራሲታሞል እንጂ አይቡፕሮፌን አይውሰድ።

ጠያቂው፦ ሳሉስ አለ፣ ያውም ጎረቤት የሚቀሰቅስ። መስኮቱም ተከፈተ። አሁን ደግሞ ቢንቢው ገባ።