አዲስ አበባ ውስጥ የፋርስኛ አስተማሪ ከየት ይገኛል?

የታሪክ ተማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ በደቡባዊቷ ህንድ፣ ዴካን በሚባለው አካባቢ ስለነበሩት ሐበሾች፣ በተለይም ስለ ማሊክ አምባር ነው። በልጅነቱ ከእኛ አገር በባርነት ተወስዶ፣ በኋላ በዚያው ያለውን የአህመድናጋር ግዛት ያስተዳደረው፣ የሙጋሎችን (የሰሜን ህንድ ገዢዎችን) ጦር ለዓመታት ያስጨነቀውና በ1626 እ.ኤ.አ. የሞተው ማለቴ ነው። የዚያ ዘመን ዜና መዋዕልና ደብዳቤ በአብዛኛው የተጻፈው በፋርስኛ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ ተደግፌ መጻፍ አልፈልግም።

አዲስ አበባ ውስጥ ዐረብኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ቻይንኛ የሚያስተምር አይጠፋም። ፋርስኛ ግን ማንን እንደምጠይቅ ራሱ ግራ ገብቶኛል። በአካል የሚያስተምር ከየት ልፈልግ? በኢንተርኔት ከሆነ ክፍያው እንዴት ይሆናል? ኢራናዊ ይሻላል ወይስ አፍጋናዊ? የዐረብኛ ፊደል አልችልም። በሳምንት አምስት ሰዓት መመደብ እችላለሁ።

ከስድስት ኪሎ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ፊደሉንና ቋንቋውን ለያያቸው። የፋርስኛ አስተማሪ ብርቅ ነው፤ የዐረብኛ ፊደል የሚያስቆጥር ግን በየሰፈሩ አለ። ፋርስኛ 32 ፊደላት አሉት፤ 28ቱ የዐረብኛ ናቸው። የሚጨመሩት አራቱ የ«ፕ»፣ የ«ች»፣ የ«ዥ» እና የ«ግ» ድምፆች ሲሆኑ ለአማርኛ ተናጋሪ አንዳቸውም አያስቸግሩም። ስለዚህ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ዐረብኛ አስተማሪ ዘንድ ሄደሽ የፊደሉን ቅርጽ ብቻ ተማሪ። በቃል መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ከግራ ጎረቤታቸው ጋር የማይያያዙት ሰባቱ የትኞቹ እንደሆኑ በደንብ ልመጂ።

አነባበቡን ግን ከእሱ አትውሰጂ። ዐረብኛ ለየብቻ የሚያሰማቸውን አራት ፊደላት ፋርስኛ ሁሉንም «ዝ» ብሎ ያነባቸዋል። «ስ» ሦስት ፊደል አለው፣ «ት» ሁለት፣ «ህ» ሁለት። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሀ፣ ሐ እና ኀን አንድ አድርገን እያነበብን ለየብቻ እንደምንጽፋቸው ነው። በዐረብኛ «ው» የሚባለው ደግሞ በቴህራን አነባበብ «ቭ» ነው፤ «ወቅት» የሚለውን ቃል እዚያ «ቨቅት» ሲሉት ትሰሚያለሽ።

ሰው ፍለጋውን ከኢራን ኤምባሲ ጀምሪ። ከትምህርት ክፍልሽ የድጋፍ ደብዳቤ አጽፈሽ፣ ማኅተም አስደርገሽ በአካል ሂጂ፤ ስልክ ላይ «እዚህ ትምህርት የለም» ተብሎ ሊዘጋብሽ ይችላል። ጥያቄሽም «ታስተምራላችሁ ወይ?» ሳይሆን «ከተማው ውስጥ ማስተማር የሚችል ማንን ታውቃላችሁ? ኢራን ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያንስ?» ይሁን። እግረ መንገድሽን ፋርስኛን በውጭ አገር ለማስፋፋት ስለተቋቋመው ቴህራን ስላለው የሳዲ ፋውንዴሽን ትምህርቶችም ጠይቂ።

ሌላው ማስታወቂያ ነው። ስድስት ኪሎ ግቢ ሰሌዳ ላይና የውጭ ዜጎች በሚያዘወትሩባቸው ካፌዎች ለጥፊ፤ ግን ዋናውን መስመር በፋርስኛ አጽፊው። አማርኛው ከሥር ባነሱ ፊደሎች ይሁን። በአማርኛ ብቻ ከጻፍሽው ቋንቋውን የማያውቅ ደላላ ሁሉ ይደውልልሻል። ፋርስኛውን አንብቦ የሚደውል ሰው ግን ግማሹን ፈተና አልፎ ነው የመጣው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውንና «ማንበብ ላይ ያተኮረ» የሚለውን ጨምሪበት።

ካርድ ቆራጩ፦

በኢንተርኔት ስለ መማር ልጨምር፤ የብዙ ሰው ዕቅድ የሚሰናከለው ክፍያው ላይ ስለሆነ።

አይቶኪና ፕሬፕሊ በሚባሉት አስተማሪና ተማሪ አገናኝ ድረ ገጾች ላይ ፋርስኛና ዳሪ (የአፍጋኒስታኑ ፋርስኛ) የሚያስተምሩ አሉ። ብዙዎቹ የሚኖሩት ከኢራን ውጭ ነው፤ ይህ የሆነበት ምክንያት አለው። ቪዛና ማስተርካርድ ኢራን ውስጥ አይሠሩም፣ የኢራን ባንኮችም በ2012 እና እንደገና በ2018 እ.ኤ.አ. ከስዊፍት፣ ማለትም ባንኮች በዓለም ዙሪያ ከሚገናኙበት መረብ፣ ተቆርጠዋል። ስለዚህ ቴህራን የተቀመጠ አስተማሪ ከአንቺ ካርድ በቀጥታ ገንዘብ መቀበል አይችልም። «ወደ ዘመዴ ሂሳብ ላኪ» ቢልሽ የግድ አጭበርባሪ ነው ማለት አይደለም፤ መንገዱ ስለተዘጋበት ነው። ቢሆንም ከአንድ ትምህርት በላይ ቀድመሽ አትክፈይ።

በአንቺ በኩል ደግሞ ካርድሽ ላይ የቪዛ ምልክት ስላለ ብቻ ኢንተርኔት ላይ ይቆርጣል ብለሽ አታስቢ። ባንክሽ ሄደሽ «ይህ ካርድ ለውጭ ድረ ገጽ በውጭ ምንዛሪ ይከፍላል ወይ? በወር ጣሪያው ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። የማይከፍል ከሆነ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በራሱ ካርድ ሂሳብሽን ይሙላልሽ፤ የካርድ ቁጥሩን ለአንቺ መላክ አያስፈልገውም፣ በአንቺ አካውንት ገብቶ ራሱ ይክፈል። የ10 እና የ20 ትምህርት ጥቅል ቅናሽ ያማልላል፤ አስተማሪውን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሳትሞክሪ እንዳትነኪው።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቂ። ኢራን ከእኛ በግማሽ ሰዓት ትቀድማለች፤ ሰዓት ማዞርን በ2022 እ.ኤ.አ. ስለተወች ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ ያው ነው። ካቡል በአንድ ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። አውሮፓ ያለ አስተማሪ ከያዝሽ ግን በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ በአንድ ሰዓት ይንሸራተትብሻል። ደግሞ «ማታ 1 ሰዓት» ብለሽ አትጻፊለት! በእኛ 1 ሰዓት እሱ ዘንድ ሌሊት ነው። 19:00 ብለሽ፣ «በአዲስ አበባ» የሚል ጨምረሽ ላኪ። በኖሩዝ፣ ማለትም ከመጋቢት 11 ወይም 12 ጀምሮ፣ ለሁለት ሳምንት ያህል ኢራናውያን በዓል ላይ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ ትምህርት ላይኖርሽ ይችላል።

የዴካን አንባቢ፦

ኢራናዊ ወይስ አፍጋናዊ ላልሽው፣ ለአንቺ ዓላማ አፍጋናዊ እንዳያመልጥሽ። ብዙ ሰው «ዳሪ ሌላ ቋንቋ ነው» ብሎ ይመክራል፤ በጽሑፍ ደረጃ አንድ ቋንቋ ናቸው። ልዩነቱ የሚሰማው በንግግር ነው፤ በዚህ ደግሞ ህንድ ውስጥ ይነበብ የነበረው ፋርስኛ ከቴህራኑ ይልቅ ለዳሪ ይቀርባል።

አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥሽ። አንበሳና ወተት በፋርስኛ አንድ ዓይነት ፊደል ነው የሚጻፉት። የቴህራን ሰው ሁለቱንም «ሺር» ይላል። የካቡል ሰው አንበሳውን «ሼር»፣ ወተቱን «ሺር» ይላል፤ የድሮው አነባበብም ይኸው ነው። በዴካን ሰነዶች ውስጥ «ሼር» ያለበት የሰው ስምና ማዕረግ ብዙ ስለሆነ ይህንን ጆሮ ይዘሽ ብትነሺ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት የምታዪው የስም አጻጻፍ አያደናግርሽም።

ከዜግነቱ የሚበልጥ ጥያቄ ግን አለ፤ በናስታሊቅ፣ ማለትም በሰያፉ የፋርስኛ የአጻጻፍ ስልት፣ የተጻፈ የእጅ ጽሑፍ ያነባል ወይ? ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ በናስታሊቅ የተጻፈ ግጥም ያነብባል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን የእጅ ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ቃሉ ሰያፍ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፣ የመጨረሻው ፊደል ከቀጣዩ ቃል ራስ ላይ ይደረባል፣ ነጥቦች ይዘለላሉ፣ «ግ» ከ«ክ» የሚለይበት ሁለተኛ ሰረዝ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። የተሰባበረው ሺከስቴ የተባለው የደብዳቤ ጽሕፈትማ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ፎቶ ላኪለትና አምስት መስመር ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ ጠይቂው። እየተደናቀፈም ቢሆን ካነበበ ያዢው። «ይህ አሮጌ ነው፣ አያስፈልግሽም» ካለሽ ጥሩ የንግግር አስተማሪ ሊሆን ይችላል፣ የአንቺ አስተማሪ ግን አይደለም።

ለመዝገበ ቃላት በ1892 እ.ኤ.አ. የወጣው የስታይንጋስ የፋርስኛ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። የህንድ ፋርስኛ ቃላትን ስለሚጨምር ለዘመናዊ ኢራን ከተዘጋጁት ይልቅ ይበጅሻል። ትርጉም ላይ ብቻ መደገፍ ያልፈለግሽውም እውነትሽን ነው። የሙጋሎቹ ንጉሥ ጃሃንጊር በማስታወሻው አምባርን በጥቁርነቱ እየሰደበ ነው የሚጠራው። «ሲያህ ሩ» ቃል በቃል «ጥቁር ፊት» ነው፤ በፋርስኛ ግን «የተዋረደ» ማለትም ይሆናል። የትኛው ስድብ የቆዳ ቀለም፣ የትኛው የተለመደ የጠላት ስም እንደሆነ መለየት የሚቻለው ዋናው ጽሑፍ ላይ ነው።

የታሪክ ተማሪዋ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፊደሉን እስክለምድ ድረስ ቃላቱን በእኛው ፊደል እየጻፍኩ ብጀምርስ? ወይስ መጥፎ ልማድ ይሆንብኛል?

ሰዋስው ወዳጅ፦

በላቲን ፊደል ከመጻፍ በጣም ይሻላል፤ ለሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነ። የዛሬው የኢራን ፋርስኛ ስድስት አናባቢ አለው፤ የእኛ ፊደል ደግሞ ከሳድስ በስተቀር ስድስት ቤት አለው። አንድ ባንድ ይገጥማሉ ማለት ይቻላል። አጭሩን በግዕዝ፣ ረጅሙን በራብዕ ጻፊው፤ «በድ» መጥፎ ነው፣ «ባድ» ነፋስ ነው። በላቲን የሚማሩ ሰዎች ሁለቱን ለወራት ሲያምታቱ ይኖራሉ። ሳድሱን አናባቢ ለሌለው ብቻ ያዢው፤ «ደስት» (እጅ) ላይ በ«ስ» እና በ«ት» መሃል ምንም ድምፅ አታስገቢ። የአማርኛ ተናጋሪ ትልቁ ስህተት እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው ስህተት «ቅ»ን እንደኛ አጥብቆ ማፈንዳት ነው፤ የእነሱ ከጉሮሮ በለሆሳስ የሚወጣ ነው። «ኽ»ም ጉሮሮን የሚፍቅ ይሁን እንጂ «ህ» አይደለም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን ተዪው። ፋርስኛ አጫጭር አናባቢዎችን አይጽፍም፤ «ክ፣ ር፣ ም» የሚሉ ሦስት ፊደላት ብታዪ «ከረም» (ቸርነት)፣ «ኬርም» (ትል) ወይም «ኬሬም» (ክሬም) ሊሆን ይችላል። ይህን ከዐረፍተ ነገሩ መገመት መለማመድ አለብሽ፤ በእኛ ፊደል እየገለበጥሽ ከቀጠልሽ ግምቱን ሌላ ሰው እየሠራልሽ ነው።

ሰዋስው ላይ ደስ ይበልሽ። «መን ኬታብ ራ ኻንደም» ማለት «እኔ መጽሐፉን አነበብኩ» ነው፤ የቃላቱ ተራ ሳይነካ፣ ግስ መጨረሻ ላይ። «ራ» የእኛ «ን» ናት፤ እንደ እኛው ተሳቢው የታወቀ ሲሆን ትመጣለች። «እሱ» እና «እሷ» አንድ ናቸው፣ ጾታ የለም። የሚገለበጠው አገናዛቢው ነው፤ «ኬታቤ መን» የእኔ መጽሐፍ። ለዚህም ግዕዙን አስቢ፤ መጽሐፍ ሲያያዝ «መጽሐፈ ሄኖክ»፣ ቤት «ቤተ መንግሥት» እንደሚሆነው ነው፤ ኬታብም «ኬታቤ» ይሆናል። ችግሩ ይህች «ኤ» አብዛኛውን ጊዜ አትጻፍም። ዜና መዋዕል ስታነቢ የሚጥልሽ ከከባድ ቃል ይልቅ ይህች የማትታይ ማያያዣ ናት። ስለዚህ አስተማሪሽ ስታነቢለት በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ እንዲያስቆምሽ ንገሪው።

ግሱን ሁልጊዜ በጥንድ ያዢ፤ «ዲደን» (ማየት) በአሁን ጊዜ ሥሩ «ቢን» ነው፣ «ጎፍተን» (ማለት) ደግሞ «ጉ»። አንዱን ብቻ ካጠናሽ ሌላውን ስታዪው አታውቂውም። ደግነቱ ዜና መዋዕል በአብዛኛው ያለፈ ጊዜ ነው፤ «ጎፍት» (አለ)፣ «ዲድ» (አየ)፤ መጨረሻዋን «ኧን» ቆርጦ መጣል ብቻ ነው።

አምስቱን ሰዓት እንዲህ ክፈይው፤ ከአስተማሪ ጋር ሁለት ጊዜ 50 ደቂቃ፣ የቀረው በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያህል። በአንድ ቀን ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ማጥናት ለፊደሉ አይሆንም፣ ዓይን የሚለምደው በድግግሞሽ ነው። ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ያዘጋጀው ነፃ የፋርስኛ ትምህርት ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ከአስተማሪው ጎን ለጎን ያስኬድሻል።

ካርድ ቆራጩ፦

አንዲት የስልክ ነገር ረስቼ። ኪቦርድ ስትጭኚ የዐረብኛውን ሳይሆን «ፋርሲ» የሚለውን ምረጪ። የሁለቱ «ይ» እና «ክ» ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው። በዐረብኛው ከጻፍሽ ቃሉ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ እያለ «አልተገኘም» ሊልሽ ይችላል፤ ሰው ደግሞ ፊደል የሳተ መስሎት ሰዓቱን ያጠፋል።