ኡቡንቱ የተጫነበት ላፕቶፕ ሲነሳ የስሕተት መስመሮች ይደረድራል፤ በሥራ መሃልም ደርቆ ይቀራል

የሒርማታ ጸሐፊ፦

ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ሒርማታ አካባቢ አነስተኛ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሱቅ አለኝ። የምሠራበት ላፕቶፕ ሲገዛም ያገለገለ ነበር፤ 8 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ እና ኡቡንቱ 22.04 አለው። ወደ ሊኑክስ የተሻገርኩት ደንበኞች በፍላሽ ይዘውት የሚመጡት ቫይረስ ፋይሎችን እየደበቀ ሥራ ስላስፈታኝ ሲሆን፣ በዚያ በኩል እስከ አሁን እፎይ ብያለሁ።

አሁን የገጠመኝ ችግር ሁለት መልክ አለው። ላፕቶፑ ሲነሳ በጥቁሩ ስክሪን ላይ «ኤሲፒአይ ባዮስ ኤረር» ብለው የሚጀምሩና «ኩድ ኖት ሪዞልቭ ሲምቦል» የሚሉ መስመሮች ይደረደራሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ እንደ ወትሮው ይከፈታል። ባትሪው ስለሞተ መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑም አብሮ ይጠፋል፤ በቅርቡ እንዲሁ ከጠፋ በኋላ ግን አልከፈት ብሎ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል የትዕዛዝ መስመር ላይ ቆመ፤ ከላዩም የፋይል ሥርዓቱ በ«ኤፍኤስሲኬ» ትዕዛዝ በእጅ እንዲፈተሽ የሚጠይቅ ጽሑፍ ነበር። የተባለውን ትዕዛዝ ስሰጠው ተከፈተ። ሁለተኛው ችግር ግን አልለቀቀኝም፦ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በሊብሬኦፊስ በማስተካክልበት ሰዓት የማውሱ ቀስት እየተንቀሳቀሰ ሌላው ሁሉ ይደርቃል፣ የዲስኩ አመልካች መብራትም እንደበራ ይቆያል። አንዳንድ ጊዜ ቆይቶ በራሱ ይለቃል፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማጥፊያውን ተጭኖ ከመያዝ በቀር መላ የለውም።

መርካቶ ያለ አንድ ባለሙያ «ፎርማት ይደረግ» ብሎኛል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ሥርዓቱን በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ በግሩብ ውስጥ «ኤሲፒአይ ኦፍ» የሚል ቃል እንድጨምር መክሮኛል። ማሽኑን የሚያደርቀው ይህ የኤሲፒአይ ስሕተት ነውን? የቱንስ ምክር ብቀበል ይሻለኛል?

ከርነል አንባቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። ከሁለቱ ምክሮች አንዱንም ለጊዜው አይቀበሉ።

ኤሲፒአይ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ መስፈርት ሲሆን፣ ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ስለ ባትሪው፣ ስለ ማራገቢያው፣ ስለ ክዳኑና ስለ ሌሎች ክፍሎች ለከርነሉ (ለሊኑክስ እምብርት) መረጃ የሚያቀብልባቸውን ሰንጠረዦች ይደነግጋል። እርስዎ የሚያዩት መስመር፣ ንብረት ተረካቢ በመዝገቡ ላይ ስሙ ሰፍሮ በመጋዘኑ ግን ያላገኘውን ዕቃ «ጎደለ» ብሎ እንደሚጽፈው ያለ ነው፤ የላፕቶፑ አምራች በሰንጠረዡ ውስጥ የጠቀሰው ነገር በእርስዎ ሞዴል ላይ ስላልተገኘ ከርነሉ መዝግቦ ያልፋል። በጣም ብዙ ላፕቶፖች ላይ የሚታይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የለውም። «ኤሲፒአይ ኦፍ» ቢሉ ግን የባትሪውን ንባብና የኃይል አስተዳደሩን ያጣሉ፣ «ዝጋ» ሲሉትም ማሽኑ ራሱን ላያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ያ ቃል ለአጭር ሙከራ እንጂ ለዘለቄታ የሚቀመጥ አይደለም።

የሚያሳስበኝ መድረቁ ነው። በደረቀበት ሰዓት የካፕስ ሎክን ቁልፍ ይጫኑ፤ መብራቱ የሚበራና የሚጠፋ ከሆነ ከርነሉ በሕይወት አለ ማለት ነው። ከዚያ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3ን በአንድነት ይጫኑ፤ ጥቁር የመግቢያ ገጽ ከመጣልዎት የታመመው ዴስክቶፑ ወይም የግራፊክስ ድራይቨሩ ሊሆን ይችላል። የዲስኩ መብራት እንደበራ መቆየቱ ግን ወደ ሁለት ሌሎች ነገሮች ይመራኛል፦ ወይ ራሙ ሞልቶ ሥርዓቱ ወደ ስዋፕ (ዲስኩ ላይ ለራም ማገዣ ወደተመደበው ቦታ) እየጻፈ ነው፣ ወይ ዲስኩ ራሱ መልስ አልሰጥ ብሏል። «ፍሪ ሰረዝ ኤች» የሚለው ትዕዛዝ የመጀመሪያውን ያሳይዎታል። ለሁለተኛው ደግሞ፣ ደርቆ ካስነሱት በኋላ «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል ሰረዝ ቢ ሰረዝ 1 ሰረዝ ኬ» ብለው የቀደመውን ጊዜ የከርነል መዝገብ ያንብቡ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥፋቱ የዲስኩ ከሆነ የመጨረሻዎቹ መስመሮች በዲስኩ ላይ ሳይጻፉ ቀርተው ሊሆን ስለሚችል፣ በሥራ ሰዓት አንድ ተርሚናል (የትዕዛዝ መጻፊያ መስኮት) ከፍተው «ሱዶ ዲሜሴጅ ሰረዝ ደብሊው» የሚለውን ቢተዉት መልእክቶቹን እየመጡ ሳለ ያዩዋቸዋል።

የሒርማታ ጸሐፊ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ራሙ ግማሹ እንኳ አልተያዘም። ካፕስ ሎኩ ይበራል። በተርሚናሉ ላይ የታየው ግን እነሆ፦ «ኤቲኤ 1» በሚለው መስመር ሥር «ፌይልድ ኮማንድ፣ ሪድ ኤፍፒዲኤምኤ ኪውድ»፣ ቀጥሎ «ኤረር፣ ዩኤንሲ»፣ ከዚያም «አይኦ ኤረር፣ ዴቭ ኤስዲኤ» የሚልና የሴክተር ቁጥር የያዘ መስመር ነው፤ ይኸው እየተደጋገመ ይወጣል።

ዲስክ ጠጋኝ፦

እዚህ ላይ ሥራዎን ያቁሙ፤ ነገሩ ተለይቷል። «ዩኤንሲ» ማለት ዲስኩ አንድን ሴክተር (መረጃ የሚቀመጥበትን ትንሽ የዲስክ ክፍል) ለማንበብ ሞክሮ፣ በራሱ የማረሚያ ኮድም ሊያስተካክለው አልቻለም ማለት ነው። መድረቁም የሚመጣው ከዚሁ ነው፦ የሚሽከረከር ዲስክ ደካማ ሴክተር ሲገጥመው ደጋግሞ ይሞክራል፤ ከርነሉ ደግሞ ለአንድ ትዕዛዝ እንደ ልማዱ 30 ሰከንድ ታግሦ ከጠበቀ በኋላ ግንኙነቱን ዳግም አስጀምሮ እንደገና ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ሲሆን ከዚያ ዲስክ ፋይል የሚጠብቁ ፕሮግራሞች ባሉበት ተገትረው ይቆያሉ። ቀስቱ የሚንቀሳቀሰው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ቀድሞ ራም ውስጥ ስላለ ነው።

«ፎርማት» የሚለውን ምክር የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፎርማት የፋይል ሥርዓቱን ያድሳል እንጂ የዲስኩን ገጽ አይጠግንም። «ኤፍኤስሲኬ»ም እንዲሁ ነው፤ በሚሞት ዲስክ ላይ ደጋግሞ ማስኬዱ ንባቡን ስለሚያበዛና በተበላሸ መረጃ ላይ እርማት ስለሚጽፍ፣ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ፋይሎችን «ሎስት ኤንድ ፋውንድ» በተባለው ማኅደር ውስጥ ስም የለሽ አድርጎ ሊጥላቸው ይችላል። ቅጂ ይቅደም፣ ጥገና ይከተል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሌላ ኮምፒውተር ኡቡንቱን ፍላሽ ላይ አዘጋጅተው ላፕቶፑን ከፍላሹ ያስነሱትና «ትራይ ኡቡንቱ» የሚለውን ይምረጡ፤ በስልክዎ ሆትስፖት ኢንተርኔት ሰጥተውም «ስማርትሞንቱልስ» እና «ጂዲዲሬስኪው» የተባሉትን ጥቅሎች ይጫኑ። በመጀመሪያ «ሱዶ ስማርትሲቲኤል ሰረዝ ኤ» ብለው የዲስኩን አድራሻ ይስጡትና ከሚወጣው ሰንጠረዥ ተራ ቁጥር 5ን፣ 197ን፣ 198ን እና 199ን ይጻፉልን። 5 ዲስኩ በመለዋወጫ የተካቸውን ሴክተሮች ይቆጥራል፤ 197 ገና ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198 ከናካቴው ያልተነበቡትን፣ 199 ደግሞ በኬብሉ ላይ የተበላሹ ልውውጦችን ያሳያል።

ከዚያ ዲስኩን በ«ዲዲሬስኪው» ወደ ውጫዊ ዲስክ ይቅዱት። ይህ መሣሪያ ከተራው የመቅጃ ትዕዛዝ ከ«ዲዲ» የሚለየው ደህናውን ክፍል አስቀድሞ ጠርጎ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ማቆየቱ፣ እንዲሁም የደረሰበትን በካርታ ፋይል መመዝገቡ ነው። መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ በዚያው ካርታ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ለጅማ ክረምት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ካርታው ግን በውጫዊው ዲስክ ላይ ይቀመጥ፤ ከፍላሽ በተነሳው ሥርዓት ውስጥ ከተቀመጠ መብራቱ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

አጂፕ ሰፈር፦

በአንድ ነጥብ ላይ ልለይ። መብራት ድንገት በሚቋረጥበት አካባቢ፣ ጽሕፈት መሃል ላይ የተቋረጠ ሴክተር 197 ላይ ሊመዘገብ ይችላል፤ ዲስኩ ግን ጤነኛ ሆኖ፣ በዚያ ሴክተር ላይ አዲስ ነገር ሲጻፍበት ቁጥሩ ወደ ዜሮ የሚመለስበት ጊዜ አለ። የ199 ቁጥር የሚጨምር ከሆነም ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የማያያዣው ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በጥቂት ብር የሚያልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹ ሳይታዩ ዲስኩን «ሞቷል» አልልም። ቅጂው ይቅደም በሚለው ግን ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

የሒርማታ ጸሐፊ፦

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው፦ 5 ላይ 216፣ 197 ላይ 48፣ 198 ላይ 48፣ 199 ላይ 0። 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) እዚሁ ጅማ አግኝቻለሁ፤ ዲስኩን እንዳለ ወደ እርሱ መቅዳት እችላለሁን?

ዲስክ ጠጋኝ፦

199 ዜሮ ከሆነ ኬብሉ ነፃ ነው። 5 ዜሮ ቢሆን ኖሮ የአጂፕ ሰፈርን አስተያየት እሞክር ነበር፤ 216 ሴክተር ተክቶ ሌላ 48 ወረፋ ያስያዘ ዲስክ ግን የደንበኛ ሥራ አይጣልበትም።

500ው 480 ላይ እንዳለ አይገባም። ስለዚህ አንድ ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ ተውሰው የአሮጌውን ዲስክ ምስል (ሙሉ ቅጂውን) በፋይል መልክ እዚያ ላይ ያስቀምጡ፤ ኤስኤስዲው ላይ ኡቡንቱን አዲስ ይጫኑ፤ ከዚያ ምስሉን ለንባብ ብቻ ከፍተው «ሆም» ማኅደርዎን ይገልብጡ። ምስሉ ለንባብ አልከፈት ካለ፣ «ኤፍኤስሲኬ»ን በምስሉ ሁለተኛ ቅጂ ላይ እንጂ በዋናው ዲስክ ላይ አያስኪዱ።

የሒርማታ ጸሐፊ፦

ተሠርቷል። ምስሉ ከጥቂት ኪሎባይት በቀር ሙሉ በሙሉ ተነበበ፤ ከደንበኞች ሰነዶችም አንዱ ብቻ አልከፈት አለ፣ እርሱም በኢሜይል የተላከ ቅጂ ነበረው። በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ መድረቁ ቀርቷል። የኤሲፒአይ መስመሮቹ አሁንም አሉ፤ አሁን ግን አልፈራቸውም። አሮጌውን ዲስክ ግን መርካቶ ያለ ዕቃ ሻጭ ሊገዛኝ ጠይቋል፤ ፎርማት አድርጌ ብሸጠው ምን ይመስላችኋል?

ከርነል አንባቢ፦

አይሽጡት። ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ እንጂ ይዘታቸውን አያጠፋም፤ ማንም በነፃ መሣሪያ መልሶ ሊያወጣቸው ይችላል። ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ቢጽፉበት እንኳ፣ ዲስኩ በመለዋወጫ የተካቸው 216ቱ አሮጌ ሴክተሮች በተራ ትዕዛዝ ስለማይደረሱ የያዙትን እንደያዙ ይቀራሉ። ሱቅዎ የሰው መታወቂያ፣ የውልና የፍርድ ቤት ወረቀት ስካን የሚያደርግ ከሆነ፣ ምስሉ በሁለት ቦታ መኖሩን ካረጋገጡ በኋላ የዲስኩን ክዳን በስክሪውድራይቨር ከፍተው ሳሕኖቹን ይሰብሯቸው። አንዳንዶቹ ሳሕኖች የመስታወት ስለሆኑ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልለው ይምቱ፤ ዓይንዎንም ይከልሉ።