የተዋጠ መርፌ ሆድ ከተከፈተ በኋላ ሲጠፋ፦ ሲ-አርም አጠቃቀም

ሬዚደንት፦
ጤና ይስጥልኝ። የተዋጠ የልብስ መርፌ ራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሆድ ሲከፈት ግን ይጠፋል፣ በተለይ አንጀቱን በስቶ ስብ ወይም ጉበት ውስጥ ከገባ። ኢንዶስኮፒ (በአፍ የሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) የማይደርስበት ከሆነ ሲ-አርሙን፣ ማለትም ቀዶ ክፍል ውስጥ በታካሚው ዙሪያ የሚዞረውን የራጅ ማሽን፣ እንዴት ብንጠቀም ፍለጋው ያጥራል?

ቀዶ ሐኪም፦
በትናንት ራጅ አትክፈቱ። አንጀት ውስጥ ያለ ነገር በሰዓታት ውስጥ ቦታ ይቀይራል፤ ታካሚው ጠረጴዛው ላይ ከተኛ በኋላ፣ ከመቁረጣችሁ በፊት እንደገና ይነሳ። ከተከፈተ በኋላ የጠረጠራችሁት ቦታ ላይ የአርተሪ ፎርሴፕስ (የብረት መቆንጠጫ) ጫፍ አሳርፉና ከፊት አንሱ። ጫፉና መርፌው ተደራርበው ስለታዩ ብቻ ተገኘ አይባልም፤ በጥልቀት ብዙ ሳንቲሜትር ሊራራቁ ይችላሉ። አብዛኛው ፍለጋ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ሲ-አርሙን 90 ዲግሪ አዙሩት፤ ካልተመቸ 45ም ይረዳል። በሁለቱም ምስል ጫፉ ከመርፌው ካልተለየ ደርሳችኋል። አንጀት ውስጥ ከሆነ ከላይና ከታች በለስላሳ የአንጀት ክላምፕ ያዙት፤ አለዚያ በነካካችሁት ቁጥር ይሸሻል። በጣት አትዳብሱ፣ ጓንት በስቶ ይወጋል።

የራጅ ባለሙያ፦
ጠረጴዛው ጨረር የሚያሳልፍ መሆኑ አስቀድሞ ይታይ። የብረት ሪትራክተር (ቁስሉን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ) ከምስሉ ይውጣ፤ ጋውዝም ይውጣ፣ ውስጡ ያለው ምልክት ክር መርፌ መስሎ ያሳስታል። ጨረር የሚያወጣው የሲ-አርሙ ቱቦ ከጠረጴዛው በታች፣ የምስል መቀበያው ደግሞ ለታካሚው የቀረበ ይሁን፤ ጨረሩ ይቀንሳል፣ ምስሉም ይጠራል። ፔዳሉን ረግጣችሁ አትቆዩ፣ ነጠላ ነጠላ ምስል ይበቃል። ሊድ ኤፕሮን (ጨረር የሚከላከል የእርሳስ ሽርጥ) ለብሳችሁም ራቅ በሉ፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጨረሩ ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ወደ ጎን ሲዞር ንጹህ ያልሆነው ክፍል ከጠረጴዛው ስር ወደ ላይ ስለሚመጣ ሽፋኑ ቀድሞ ይዘጋጅ።

አንስቴዥያ፦
ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለውን የማደንዘዣ ጋዝ ባትጠቀሙ ይሻላል፣ አንጀቱን ይነፋዋል። መርፌው ጉበት ውስጥ ከሆነ ከዲያፍራም (ደረትና ሆድን ከሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) ጋር ከፍ ዝቅ ይላል፤ በሁለቱም ምስል ጊዜ ቬንቲሌተሩን (የመተንፈሻ ማሽኑን) ለጥቂት ሰከንድ፣ በአንድ ዓይነት የትንፋሽ ደረጃ ላይ እናቁመው።

ሬዚደንት፦
አመሰግናለሁ። ስቴኪኒ ቢሆንስ?

ቀዶ ሐኪም፦
እንጨትን ሲ-አርም አያሳይም። ከቀዶው በፊት ሲቲ ስካን ይነሳ፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ንጹህ ሽፋን የለበሰ የአልትራሳውንድ ፕሮብ በቀጥታ ጉበቱ ወይም አንጀቱ ላይ አሳርፉ። ከኋላው ጥላ ያለው ነጭ መስመር ፈልጉ። ብረትም ሆነ እንጨት፣ የወጣውን ለኩና በምስሉ ካያችሁት ርዝመት ጋር አመሳክሩ። የዛገ መርፌ ይሰበራል፤ ስለዚህ ሆዱ ሳይዘጋ አንድ የመጨረሻ ምስል ይነሳ።