ኒውካስል ላይ እማዬንና ልጆቹን የት ላድርጋቸው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ለንደን ነው። ዘንድሮ ግሬት ኖርዝ ራን ላይ ቦታ አገኘሁ፤ ግማሽ ማራቶን ስሮጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሩጫው ሴፕቴምበር ላይ፣ እንቁጣጣሽ አካባቢ ስለሆነ ቅዳሜና እሁዱን ቤተሰቡ አንድ ላይ እንዲያሳልፍ አሰብን። ባለቤቴ፣ የ6 እና የ3 ዓመት ልጆቻችን፣ ከአዲስ አበባ የመጣችው እማዬም አሉ። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ብዙ መቆም አትችልም።

የጨነቀኝ ይሄ ነው። ሩጫው የሚነሳው ኒውካስል፣ የሚያልቀው ደግሞ ሳውዝ ሺልድስ ባሕር ዳርቻ ነው። ሁለቱንም ማየት ከባድ ነው። ባለቤቴ የታይን ድልድይን ስሻገር ማየት ትፈልጋለች። እኔ ግን መጨረሻው ላይ ባገኛቸው ደስ ይለኛል። እማዬን ስጠይቃት «ለእኔ አታስቡ፣ እንደተመቻችሁ» ትላለች። እሷ ሳታየኝ ከጨረስኩ ግን ምኑን ሮጥኩት? በ2013 እ.ኤ.አ. በዚሁ ሩጫ ላይ ቀነኒሳ ሞ ፋራህን በ1 ሰከንድ ሲቀድም፣ ኃይሌም 3ኛ ሲወጣ፣ ከደስታዋ ብዛት እልል ያለችው እሷ ናት።

ሜትሮ ባቡሩ ሳውዝ ሺልድስ ይደርሳል። ከሩጫው በኋላ ግን ሰልፉ ረጅም ነው ይባላል። የሕፃን ጋሪና ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ ይቻላል? ወይስ ሁላችንም ሳውዝ ሺልድስ አድረን እኔ ብቻ በጠዋት ወደ ኒውካስል ልሂድ? ቤተሰብ ይዛችሁ የሄዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ሆቴሉን እስከ ዓርብ መያዝ አለብኝ።