በጣሳ የተከልኩት የጥብስ ቅጠል ለምን ይጠቁራል?

የሳቢያን ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። በረንዳዬን ከቀትር በኋላ ፀሐይ ይመታዋል። የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝና ድንብላል በወተት ዱቄት ጣሳ ተክዬ ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። የጥብስ ቅጠሉ ከሥሩ ጠቁሯል፣ ድንብላሉ ስንዝር ሳይሞላ አበበ፣ ጦስኙማ አልቆለታል። አፈሩ ላይ ደግሞ ነጭ ነገር ይጋገራል። ምን ይሻላል?

ገንደ ቆሬ፦
ቀፊራ ሁሉም በእቅፍ ይሸጣል፤ ምን አደከመህ ወንድሜ?

የከዚራዋ እናት፦
ልጄ፣ ማጠጣቱን ዛሬውኑ ቀንስ። የጥብስ ቅጠልን ከጥማት ይልቅ ጥጋብ ይገድለዋል። ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አየር አጥቶ ይበሰብሳል፤ ከላይ ሲያዩት ግን የተጠማ ስለሚመስል ሰው ይጨምርለታል። ጣትህን አፈሩ ውስጥ ክተት፤ እርጥበት ካገኘህ አታጠጣ። ለመሆኑ ጣሳው ከታች ቀዳዳ አለው? ቢኖረውም ቆርቆሮ በእኛ ፀሐይ ምጣድ ነው። የዘይት ጀሪካን አንገቱን ቁረጥና ሥሩን በጋለ ምስማር ብሳ፤ አፈር፣ የበሰለ ፍግና አሸዋ ቀላቅለህ ሙላው። አሸዋ መቼም ድሬ ላይ አይጠፋም።

ነጩ የውኃችን ኖራ ነው፤ ማንቆርቆሪያህ ውስጥ የሚጋገረው ያው ነው። ጠርገህ ጣለው። ዝናብ ሲመጣ ጀሪካኖቹን አውጣቸው፣ ይታጠቡ።

ድንብላል ሙቀት ሲበዛበት ወደ ዘሩ ይቸኩላል። በኅዳር ዝራው፣ እዚያው በሚያድግበት ዕቃ ውስጥ፤ መዛወር አይወድም። ጦስኝን እርሳው፤ የደጋ ልጅ ነው፣ ድሬ ደግሞ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በምትኩ በሶብላ ትከል። ለጋ ሳለ ጫፉን ብትቀነጥበው በጎን ያቆጠቁጣል። ከዚያ ግን እንዲያብብ ተወው፤ ለሽሮና ለበርበሬ አበባው ነው ቁም ነገሩ። ጎረቤቴ ቅጠሉን ብቻ ታደርቃለች፤ ሽሮዋ ያሳብቅባታል።

ከጀጎል፦
ጤና አዳምም ጨምርበት፣ ለቡናህ ይሆንሃል። ስትቆርጠው ግን ጭማቂው ነክቶህ ፀሐይ ላይ አትቁም፤ ቆዳ ያቃጥላል። ልጆች ካሉ ራቅ አድርገህ አስቀምጠው።

የሳቢያን ልጅ፦
ጣሳው ቀዳዳ የለውም! እማማ፣ የጥብስ ቅጠሉን ማትረፍ ይቻል ይሆን? እናቴ ከሐረር ያመጣችልኝ ነው።

የከዚራዋ እናት፦
የጠቆረውን ተወው። ከጫፉ አረንጓዴውን የጣት ርዝመት ያህል ቁረጥ፣ የታችኛውን ቅጠል መልምልና እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክተህ ጥላ ውስጥ አኑረው። ብዙ አድርገህ ስካ፤ ሁሉም አይጸድቅም። ለእናትህም ገና አትንገራት።